የርግቧ አውራ ጣት

አባቴ ርግቧን የሚያስራት ቀንቶባት ነው ብዬ አምን ነበር።

ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ግን ያኔ በእጄ ከነበረው መረጃ ሌላ መደምደሚያ ላይ መድረስ አይቻልም ነበር። አባቴ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። መንገደኛ የሚያጓጉዘውን ትልቁን አይደለም፤ የጥጥ እርሻ ላይ ዝቅ ብሎ የተባይ መድኃኒት የሚረጨውን፣ ከአብራሪው ሌላ ሰው የማይይዘውን ትንሹን። አንድ ቀን ሊያርፍ ሲል ወደቀ። አውሮፕላኑ ተሰባበረ፤ የአባቴ ጭን ተሰበረ። ከሆስፒታል በክራንች ወጥቶ ቤት ሲገባ አልጋው ላይ ተኝቶ እንደማገገም፣ ደረጃውን እየነጠረ ጣራ ላይ ወጣና ርግቦች ሲያርፉ ማየት ጀመረ። ጠዋት ማየት፣ ከሰዓት ማየት። ርግብ ደግሞ ስታርፍ ምኗም አይሰበርም። ጥቂት ከሰነበተ በኋላ ክር አምጥቶ ከርግቦቹ አንዷን አሰራት። ከዚያ እሷም መውደቅ ጀመረች።

ጥርሷ ገና እየተነቀለ ያለ ልጅ ከዚህ ምን ትረዳ? ቀንቶባት ነው እንጂ።

የሚያናድደኝ፣ ተሳስተሻል ያለኝ አለመኖሩ ነው። እኛ ቤት አንድን ነገር በስሙ ጠርቶ መናገር እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። እናቴ ስትፈራ ትቆጣለች። አባቴ ደስ ሲለው ያፏጫል፤ ሲከፋው ደግሞ ምንም አይልም። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ቁጣውን፣ ፉጨቱንና ዝምታውን እየደመርኩ የራሴን ትርጉም እሠራለሁ። ትርጉሙም ሁልጊዜ ስህተት ነው።

የምንኖረው የአንድ አሮጌ ሕንጻ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነበር። ጣራው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ስለሆነ የሕንጻው ሰው ሁሉ ልብሱን የሚያሰጣው እዚያ ነው። በአንዱ ጥግ በሩ የተነቀለ ቁም ሳጥን ቆሟል፤ ርግቦቹ የሚያድሩት እሱ ውስጥ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ትተዋቸው የሄዱ ናቸው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፍታ፣ አጥባ፣ ተኩሳ ነው የምታስረክበው። ስለዚህ ገመዱ ላይ ነጭ ሸሚዝ በዋለ ቁጥር ከርግቦቹ ጋር ጦርነት ነው።

"እነዚህን አንድ ቀን አንገታቸውን ይዤ ባልወረውር!" ትላለች፣ ኮሌታውን በጥፍሯ እየፋቀች። ጠዋት ጠዋት ጥሬ በሳህን ይዛ የምትወጣላቸው ግን እሷው ናት። ሌላ ሰው ቢመግባቸው ደግሞ ትቀየማለች።

የታሰረችዋ ርግብ ስሟ እሜቴ ነው። ስሙን ያወጣላት ምድር ቤት ያለው ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ደረቷን ነፍታ መሬቱን እየመረጠች ስትረግጥ አይቶ። ጸጉር አስተካካዩ ስም ሳያወጣለት የሚያልፍ ሰው የለም። አባቴን ካፒቴን ይለዋል። አባቴ በክራንች ደረጃውን ሲወርድ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሩ ላይ ይጠብቀዋል።

"ካፒቴን! ዛሬስ እንዴት አረፉ?"

"በሰላም።"

"ሜዳው ደህና ነው?"

"አንተ በሰው ጸጉር ካላንሸራተትከኝ ደህና ነው።"

ሁለቱም ይስቃሉ። እናቴ ከኋላ ሆና ክንዱን ይዛ "እግርህን እያየህ ሂድ" ትላለች። ለጸጉር አስተካካዩ ሰላምታ አትሰጠውም። እሱን የምትጠላው መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው የምትጠላው ቃሉን ነው፤ "አረፉ" የሚለውን ቃል በጆሮዋ መስማት አትችልም ነበር።

ርግብ አውራ ጣት አላት ወይ የሚለኝ አይጠፋም። አላት። ክንፍ እጅ ነው፤ ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ አለው። ክንፉ ሲታጠፍ ወደ ፊት ሾል የሚለው አንጓዋ ነው። እዚያ ላይ ከሌሎቹ ተለይታ የበቀለች ትንሽ የላባ ቁንጥር አለች፤ አውራ ጣቷ እሷ ናት። ስታርፍ ካልሆነ በቀር ክንፉ ላይ ተለጥፋ ስለምትተኛ አትታይም። አባቴ ያሰረው እሷን ነው፣ በሁለቱም ክንፍ፣ ከእናቴ የስፌት ሳጥን በወሰደው ነጭ ክር።

"አባዬ፣ ለምንድነው የምታስራት?"

"ምን እንደምትሆን ለማየት።"

"ትወድቃለቻ!"

"እሱን ነው የማየው።"

ይኼ መልስ ነው? ለልጅ እንዲህ ይባላል? አሁን የእኔም ሥራ ይኸው ነው፤ የክንፍ ሞዴል የነፋስ መሞከሪያ ክፍል ውስጥ አቁሜ ምን እንደሚሆን አያለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ እኔም እንደ እሱ አሳጥሬ መልሼ አውቃለሁ። ለልጅ ግን መልሼ አላውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። እሜቴን የሚያስራት ማታውኑ ነው፤ ክሩን ተላምዳው እንድታድር። ጠዋት ቢያስራት ክሩን ስትነቅል ትውላለች። ሲነጋ እኔ ደረቴ ላይ አቅፌ ወደ ጣራው ሌላኛው ጫፍ እወስዳታለሁ። አባቴ ቁም ሳጥኑ አጠገብ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ የተሰበረውን እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። እጁን ሲያነሳ እለቃታለሁ።

ክር የሌለባት ቀን አመጣጧን ማየት ደስ ይላል። ገመዶቹን ታልፍና ቁም ሳጥኑ ጋ ስትቃረብ ደረቷን ወደ ላይ ታቀናለች፤ ጅራቷን እንደ ማራገቢያ ትዘረጋለች፤ ክንፎቿ መቅዘፋቸውን ትተው አየሩን ወደ ፊት መግፋት ይጀምራሉ። ያኔ አንጓዋ ላይ ያለችው ላባ ብድግ ትላለች። አየር ላይ የቆመች ያህል ቀስ ብላ፣ እግሯን ጠርዙ ላይ ታሳርፋለች።

የታሰረች ቀን መንገዱ ያው ነው፤ ደረቷም ያው ይቀናል። መጨረሻው ላይ ግን፣ ልክ ቀስ ስትል፣ ከሥሯ የሆነ ነገር እንደተነጠቀ ዱብ ትላለች። ከጠርዙ በታች፣ የቁም ሳጥኑ ሳንቃ ላይ፣ በደረቷ። አባቴ ሳንቃው ሥር ብርድ ልብስ አጣጥፎ አንጥፎ ነበር። እኔ ብርድ ልብሱን ሳየው፣ ውርደቷ በደንብ እንዲታይ የተነጠፈላት ምንጣፍ ነበር የሚመስለኝ። ያ ብርድ ልብስ የራሱ ነው። በዚያ ሰሞን ካፖርቱን ለብሶ ይተኛ ነበር፤ እናቴ ስትቆጣው "ሞቆኛል" ይላታል። ብርድ ልብሱንም አይቻለሁ፣ ካፖርቱንም አይቻለሁ። ሁለቱን ግን አላገናኘኋቸውም።

በወደቀች ቁጥር ያፏጫል።

"አየሽ?" ይለኛል፣ ፊቱ በርቶ። "አየሽ አይደል?"

አየሁ እንጂ። ቅናተኛ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ?

አንድ ቀን ሊያስረዳኝ ሞክሯል፤ ይህን አልክድም። ነፋስ ነበረ፤ ገመድ ላይ ያለው አንሶላ ሁሉ ተወጥሯል።

"እጅሽን ዘርጊ። መዳፍሽ ወደ ታች። አሁን ከፊት በኩል ትንሽ ቀና አድርጊው። አነሳሽ?"

"አነሳኝ።"

"ጨምሪ። ጨምሪ። አሁንስ?"

"አሁን ወደ ኋላ ገፋኝ።"

"አየሩ ተላቀቀ ማለት ነው። አየር ጀርባው ላይ ተጣብቆ ሲፈስ ክንፍ ነው። ሲላቀቅ ሳንቃ ነው፤ ሳንቃ ደግሞ ይወድቃል። ቀስ ብሎ የሚያርፍ ክንፉን አብዝቶ ማቅናት አለበት፤ አብዝቶ ካቀና አየሩ ይላቀቃል። እሜቴ ታዲያ ምን ታደርጋለች? አውራ ጣቷን ታነሳለች። በዚያች ቀጭን ክፍተት የሾለከው አየር፣ ሊላቀቅ ያለውን መልሶ ያጣብቀዋል። የኔ ክንፍ አውራ ጣቱን ታስሮ ነበር።"

ሁለቱንም እጆቹን አየኋቸው። "ያንተማ አልታሰረም፤ ይኸው" አልኩት።

ክራንቹ እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ ሌላ ነገር ማስረዳቱን ተወው። ትቶትም ቀረ።

ያልነገረኝን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የሚያበረው አውሮፕላን ክንፉ ግንባር ላይ ልክ እንደ እሜቴ አውራ ጣት ያለች ክፍተት ነበረችው፤ ዝግ ብሎ ዝቅ እንዲል የተሠራች። ክፍተቷ በሚረጨው መድኃኒት ዝቃጭ እየተደፈነች አስቸገረች። ማጽዳቱ የሰለቸው ኃላፊ ላሜራ አስመታባት። አባቴም ለማረፍ ሁልጊዜ በሚገባበት ፍጥነት ገባ፤ ክንፉ ግን የዱሮው ክንፍ አልነበረም። ድርጅቱ "ላሜራው ለውጥ አያመጣም፤ አብራሪው ቀስ ብሎ ገብቶ ነው" አለ። አባቴ የአደጋውን መርማሪ ለምኖ ለምኖ፣ መጥቶ እሜቴን በዓይኑ እንዲያይ አስማማው። ካመነ ጥፋቱ ከአባቴ ላይ ይነሳል፤ እግሩ ሲድን ወደ መሪው ይመለሳል። ካላመነ አባቴ ዳግም አይበርም። ጉዳዩ ይኸው ነው።

እኔ ደግሞ ጉዳዩን የቁም ሳጥኑ ጉዳይ አድርጌዋለሁ። መርማሪው አስቀድሞ አንድ ቀን መጥቶ ነበር። ከረባት ያሰረ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ጣራው ላይ ወጥቶ ኩሱን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ "እነዚህ የማን ናቸው?" ሲል ሰማሁ። እናቴ ደግሞ "አከራዩ ያያችኋል፣ ጠርጎ ያስወጣችኋል" እያለች ርግቦቹን ስታስፈራራ ኖራለች። በቃ፣ አከራዩ ይኸው መጣ አልኩ በልቤ። ርግቦቹን ሊያባርር፤ ምናልባት እኛንም አብሮ።

የወጥ ቤቱ በር ተዘግቶ የሰማሁትም ይኸንኑ አጠናከረልኝ።

"ማክሰኞ ይመጣል ነው ያልከኝ?" እናቴ ናት።

"ማክሰኞ ጠዋት።"

"አይቶስ?"

"ካየ ያምናል። እንዴት አያምንም? አምስቴ ብለቃት አምስቴ ነው የምትወድቀው።"

"እሱ ያን ካየ እኔ እዚህ ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይኖረኝም። ይገባሃል?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ስሜ ነው እኮ!"

"ስም ይለብሳል? ስም ይበላል? ስም ክራንች ይዞ ደረጃ ይወጣል?" አለችና የሆነ ሳህን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ ሳህኑ ተሰነጠቀ። "ሂድ። ሂድና ርግብህን እሰር።"

ከበሩ ጀርባ ቆሜ ወሰንኩ፤ ማክሰኞ እሜቴ በሥርዓት ካላረፈች ሁላችንም አለቀልን።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ጥሬውን ይዛ ስትወጣ ከወትሮው ዘገየች። ስትመለስ ሳህኑ እንደሞላ ነበር። መመገቡን ረስታው መጣች፤ መልሳ ልትወጣ አለችና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። "ምን ያፈጥጥሻል? ፊትሽን ታጠቢ!" አለችኝ። ታጠብኩ።

መርማሪው በሰዓቱ መጣ። ጸጉር አስተካካዩም ሱቁን ዘግቶ፣ ማበጠሪያውን በነጭ ጋዋኑ ኪስ እንደሰካ ወጣ።

"ካፒቴን፣ እሜቴ ለፈተና ተቀመጠች አሉኝ። አላስችለኝ ቢል መጣሁ።"

"ዝም ብለህ የምታይ ከሆነ እይ" አለ አባቴ። ጺሙን ተላጭቷል። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ እናቴ ተኩሳለታለች። እሷ ራሷ ከአንሶላዎቹ ኋላ ናት፤ እግሯ ብቻ ይታየኛል። ልብስ እያሰጣች ነው እንዳልል እጇ ገመዱ ላይ የለም።

አባቴ መርማሪውን አጠገቡ አቆመው። "አሁን የታሰረች ናት። ስትወድቅ ያያሉ። ከዚያ እዚሁ ፊትዎ እፈታትና እንደገና ትለቀቃለች። ልዩነቱን ራስዎ ይፍረዱ።"

"ይሁን" አለ መርማሪው፣ መሀረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ።

እሜቴን ደረቴ ላይ አቀፍኳት። ልቧ ይመታል። ጆሮዋ የት እንዳለ ስለማላውቅ ጭንቅላቷ ላይ "ጎበዝ ሁኚ፤ እንዳትወድቂ" አልኳት። አባቴ እጁን አነሳ። ለቀቅኳት።

ገመዶቹን አለፈች። ደረቷን አቀናች። ጅራቷን ዘረጋች። አባቴ ወደ ብርድ ልብሱ ጎንበስ ሲል አየሁ፤ ከመውደቋ በፊት ሊይዛት እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ እሜቴ አየር ላይ ቆመች፤ ቀስ ብላ፣ ከመቼውም ይልቅ አምራ፣ ጠርዙ ላይ ቁጭ አለች።

"እሰይ እሜቴ!" አለ ጸጉር አስተካካዩ።

እኔ አጨበጨብኩ። እየዘለልኩ አጨበጨብኩ። ቤታችን ተረፈ።

"እንደገና" አለ አባቴ። ድምፁ ቀጥኗል። እንደገና ወስጄ ለቀቅኳት፤ እንደገና እንደ ንግሥት አረፈች። እንደገና አጨበጨብኩ። ሦስተኛውን አባቴ አልጠየቀም።

"የታሰረች ናት አሉኝ አይደል?" አለ መርማሪው። ድምፁ ውስጥ ማሾፍ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

አባቴ እሜቴን ተቀብሎኝ ጭኑ ላይ አስቀመጣትና ክንፏን ዘረጋ። እኔም አጠገቡ ነበርኩና አየሁ። ክሩ አለ። ቋጠሮው አለ። ከላባዋ ሥር ደግሞ ክሩ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ አጭር ነጭ አንገት ሠርቷል። አባቴ በጣቱ ነካ አደረገው፤ ላባዋ ወደ ላይ ተነሳች፣ ተመልሳ ተኛች። ነካ አደረገው፤ ተነሳች፣ ተኛች። ረጅም ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ ቆየ። ከዚያ ክሩን በጥፍሩ ፈትቶ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።

"አዎ፤ የታሰረች ነበረች" አለ። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

በመጨረሻ አመነ! እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው። መቅናቱን አመነ፣ ይቅርታ ጠየቃት። እጁን ይዤ ሳምኩት። ሰው ሥራውን ሲያጣ እጁን የሚስም ልጅ ያለው አባት ምን እንደሚሰማው እግዜር ይወቀው።

እግሩ ሲድን የመኪና መንዳት አስተማሪ ሆነ። ከሰው ጎን ተቀምጦ "ፍሬን! ፍሬን! ፍሬን!" እያለ ጡረታ ወጣ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ያ ማክሰኞ እኔን ተከትሎኝ ዩኒቨርሲቲ ድረስ መጣ። ፈተና ላይ፣ ከአእዋፍ ክንፍ ወደ አውሮፕላን ክንፍ የተወሰደው ምንድነው የሚል ጥያቄ ነበረ። ስለ ላባ ማራገብ፣ የክንፍን ጫፍ ጠምዝዞ ስለመታጠፍ በደንብ ጻፍኩና፣ የአውራ ጣቷ ላባ ላይ ስደርስ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ "ለማረፍ ምንም ጥቅም የላትም" ብዬ ጻፍኩ። ያውም አስምሬበት። መምህሩ ዜሮ ሰጠኝ። ቢሮው ድረስ ሄጄ ተከራከርኩት።

"በዓይኔ ያየሁት ነው" አልኩት።

"ስንት ርግብ ላይ?"

"አንድ።"

"የአንቺ ጓደኛ ናት?"

"በምን አወቁ?"

"ሂጂ የኔ ልጅ" አለኝ፣ በሩን እያሳየኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክንፍ ነፋስ ውስጥ አቁሜአለሁ። ግንባሩ ላይ ያለችው ክፍተት ስትከፈት አየሩ ይጣበቃል፤ ስትዘጋ ይላቀቃል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። እንግዲህ የተሳሳተው የእኛ ጣራ ነው። ግን ምኑ? ርግቧ ያችው ናት፣ ቦታው ያው ነው፣ ሰዓቱ ያው ነው። የአባቴ ቋጠሮ አይላላም። አንድ ነገር ተለውጧል፤ የቱ እንደሆነ ማግኘት አቃተኝ። ሙያዬ እሱ ሆኖ ሳለ።

ያገኘሁት በቀደም፣ ወላጆቼ ቤት ሄጄ ነው። የአባቴ ካፖርት ቁልፉ ወልቆ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ትሰፋለች። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ብርቱካን ይልጣል። ወሬ ለመጀመር ያህል ነው የጠየቅኳት።

"እማዬ፣ ለምን አጥብቀሽ አትሰፊውም? ተንጠለጠለ እኮ።"

"ይኼን ያህል ተምረሽ ቁልፍ መስፋት አታውቂም? ለጨርቁ ውፍረት ቦታ ካልተውሽለት አይቆለፍም። ላላ ታደርጊና ከሥሩ ትጠመጥሚለታለሽ። ይኸው። ሲያዩት የተሰፋ ነው፤ ግን ይነሳል፣ ይተኛል።"

በጣቷ ነካ አደረገችው። ተነሳ፣ ተኛ። ከሥሩ አጭር ነጭ የክር አንገት።

እኔም በጣቴ ነካ አደረግኩት። ከዚያ፣ "እሜቴን አንቺ ነሽ" አልኳት።

መርፌው ቆመ። የማን እሜቴ አላለችኝም።

"ልቆርጠው ነበር የወጣሁት" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከቆረጥኩት ያውቅብኛል። ፈትቼ መልሼ አሰርኩት። ታዲያ ምን ላድርግ? ካመኑት ይመልሱታል። ከመለሱት ይወጣል። አንዴ ጭኑን አመጡልኝ፤ ሁለተኛ ምኑን ሊያመጡልኝ ነው?"

"ሳያጠፋ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ፈረመ! ዕድሜውን ሙሉ አውሮፕላኑን የሰበርኩት እኔ ነኝ ብሎ ኖረ! እኔም ዜሮ አገኘሁ!"

"አትጩሂ፤ ይሰማሻል።"

"ይስማ!"

"ሰምቻለሁ" አለ አባቴ ከመስኮቱ። ብርቱካኑን መላጡን አላቆመም። "ያን ጊዜም አውቄአለሁ። የገዛ ቋጠሮዬን አላውቅም ብለሽ ነው? ያ የቁልፍ አንገት ነበር። የእናትሽ ስፌት ደግሞ እንደ ማስመሪያ ነው፤ ያ ግን ወዲያና ወዲህ ተዛንፏል። እጇ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ክሩ ላይ አየሁት። እንዲያ የፈራችን ሴት ምን ብዬ ጥያት ልብረር?"

መሀላቸው ቆምኩ፤ እንደ ዱሮዬ።

"ቆይ፣ ሌሎቹ አብራሪዎችስ?" አልኩት። "ላሜራው የተመታባቸው ሌሎቹ? እናንተ ስትተዛዘኑ እነሱ ቢወድቁስ?"

"አንድ በአንድ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው፤ ፈጠን ብላችሁ ግቡ ብዬ። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ልጆች ደግሞ ላሜራውን በየተራ ነቀሉት። የጠየቃቸው የለም።"

"ወረቀት ላይ ግን አልሰፈረም!"

"ወረቀት አይበርም፣ የኔ ልጅ።"

"አባዬ፣ እንደዚህ አይሠራም! እንደዚህ አይሠራም እኮ!" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። እናቴ መነጽሯን አውልቃ እሱን እያየች ነበር።

"ታውቅ ነበር" አለች።

"አውቅ ነበር።"

"ይኼን ሁሉ ዓመት።"

"አንቺም እኮ አልነገርሽኝም።"

"እኔማ ያጠፋሁት ነኝ! ያጠፋ ሰው ዝም ይላል። አንተ ምን አጥፍተህ ነው ዝም ያልከው? ስንት ሌሊት ሙሉ ጎንህ ተኝቼ፣ ዛሬ ልንገረው፣ ነገ ልንገረው ስል... እና አንተ ታውቃለህ! እያወቅክ ታንኮራፋለህ!"

"አላንኮራፋም" አለ አባቴ።

መነጽሯን መልሳ አደረገች። የሰፋችውን በመቀስ ፈታችው፤ ክር አሳክታ እንደ አዲስ ጀመረች። መርፌውን እያስገባች ክሩን ስትስበው ጨርቁ ይጨማደዳል። ስባ፣ ስባ፣ በጥርሷ በጠሰችው። ካፖርቱን ጭኑ ላይ ወረወረችለት። አባቴ ብርቱካኑን አስቀምጦ ለበሰው። ቁልፉን በአንድ እጁ ሞከረ፤ በሁለት እጁ ሞከረ።

"አጥብቀሽዋል እኮ" አላት።

"ይጥበቅ!"

ብርድ ነው፤ ያም ሆኖ ፍቺልኝ አላላትም። እስካሁን ሳይቆልፈው ይለብሰዋል።